አዲስ ገቢ ነኝ፤ የዋሽንግተንን ቡድኖች ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «አዲስ ገቢ»

ሰላም ለሁላችሁም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን ስምንት ወራችን ነው። ስፖርት የማውቀው በጊዮርጊስና በአርሰናል ነው፤ ከዚያ ውጭ ባዶ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ሥራ ቦታ ሁሉም ስለ እሁዱ ጨዋታ ሲያወራ እኔ ቡናዬን ይዤ ፈገግ እላለሁ። እሱስ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ግን የ11 ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «አባዬ፣ የእኛ ቡድን ማነው?» አለኝ። «ጊዮርጊስ» አልኩት። ደስ አላለውም።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። የዚህ ከተማ ቡድኖች እነማን ናቸው? አባትና ልጅ ኪሳቸው ሳይራቆት የትኛውን ገብተው ማየት ይችላሉ? ትኬትስ እንዴት ነው የሚገዛው? መኪና አለኝ፤ ግን ከተማ ውስጥ ፓርኪንግ ያስፈራኛል።

መልስ፦ «ሬድ ላይን»

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። አንድ ነገር አስቀድመህ ከጭንቅላትህ አውጣ። አገር ቤት ጊዮርጊስ ከሆንክ ቡናን አትደግፍም፤ አለቀ። እዚህ ከተማዋ በየስፖርቱ አንድ ቡድን ነው ያላት፤ የሚጫወቱበት ወቅትም ይለያያል። ስለዚህ መምረጥ የለም፤ ሁሉም ያንተ ናቸው። ለልጅህም መልሱ ይኸው ነው።

በአሜሪካን ፉትቦል ኮማንደርስ ናቸው፤ ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ። ሰኞ ሰኞ ሥራ ቦታህን የሚያምሱት እነሱ ናቸው። በበረዶ ሆኪ ካፒታልስ፣ በቅርጫት ኳስ ዊዛርድስ፤ ሁለቱም ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ቻይናታውን ባለው ካፒታል ዋን አሬና ይጫወታሉ። በቤዝቦል ናሽናልስ፤ ሰው «ናትስ» ነው የሚላቸው፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር። በእኛው እግር ኳስ ዲሲ ዩናይትድ። ሴቶቹን እንዳትረሳ፤ በእግር ኳስ ስፒሪት፣ በቅርጫት ኳስ ሚስቲክስ አሉ። ባልቲሞር ደግሞ የራሷ ኦሪዮልስና ሬቨንስ አሏት። ሜሪላንድ ውስጥ የእነሱ ደጋፊ ሞልቷል፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አትግባ።

ዋጋውን ለመገመት የጨዋታውን ብዛት ቁጠር። ናትስ በዓመት 162 ይጫወታሉ፤ 81ዱ በሜዳቸው። ካፒታልስና ዊዛርድስ ከ80 በላይ፤ ግማሹ እዚህ። ኮማንደርስ 17 ብቻ፤ በሜዳቸው 8 ወይም 9። ስለዚህ ከቤዝቦል ጀምርና ፉትቦሉን በቴሌቪዥን እይ። ለዚያ ኬብል አያስፈልግህም። መስኮት ላይ የምትለጠፍ ርካሽ አንቴና ግዛ፤ ቻናል 4፣ 5 እና 9 በነጻ ይገባሉ። የእሁዱ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ በአንዱ ላይ ነው።

መልስ፦ «የሁለት ልጆች እናት»

ወንድሜ፣ በናትስ ጀምር የሚለው ትክክል ነው። መኪናህን ሲልቨር ስፕሪንግ ተዋት። የሬድ ላይን ባቡር ይዘህ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ግሪን ላይን ትቀይራለህ፤ ኔቪ ያርድ ትወርዳለህ። ቀይ ማልያ የለበሰ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲፈስ ታያለህ፤ ዝም ብለህ ተከተል።

ቤዝቦል መጀመሪያ ላይ ይደብራል፤ አልዋሽህም። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይስታል፣ ሁሉም ይተፋል። ግን ለልጅ ይመቻል፤ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ይበላል፣ ተመልሶ ሲመጣ ምንም አላመለጠውም። አራተኛው ዙር መሀል ላይ ግን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው። የፕሬዚዳንቶች ሩጫ አለ። ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን፣ ሊንከንና ቴዲ ሩዝቬልት፣ ጭንቅላታቸው በርሜል የሚያህል፣ ሰው ውስጣቸው የገባ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ የሜዳውን ዳር ይዘው ይሮጣሉ። ቴዲ ከ2006 ጀምሮ ከ500 ጊዜ በላይ ሮጦ አንድም ቀን አላሸነፈም ነበር። በኦክቶበር 2012 ሲቀናው አብዝተው የጮኹት ትልልቆቹ ናቸው። የኔ ትንሿ አሁንም ለቴዲ ነው የምትጮኸው።

ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ውስጡ በሚታይ ላስቲክ አድርገው። እነሱ ኦቾሎኒ ሲፈለፍሉ እኛ ቆሎ እንቆረጥማለን። ባለፈው አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ዘረጋሁላቸው። ሰባተኛው ዙር ላይ ላስቲኩ ባዶ ነበር። ጁላይ ላይ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ በሦስተኛው ቤዝ በኩል ወንበር ፈልግ፤ ጥላው ቶሎ የሚደርሰው እዚያ ነው። በሌላው በኩል ተቀምጠን ልጆቼን ጠብሻቸዋለሁ።

መልስ፦ «የሌሊት ሹፌር»

ሁላችሁም ፉትቦሉን ገፋችሁት። እኔ አልስማማም። የሥራ ባልደረቦቹ የሚያወሩት ስለሱ ነው እኮ!

ላስረዳህ። እዚህ ከሊግ መውረድ የሚባል ነገር የለም። ጭራ የሆነ ቡድን ይባስ ብሎ ይካሳል፤ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ወጣቶች ሲመረጡ ከፊት ይሰለፋል። ኮማንደርስ በ2023 አራት ብቻ አሸንፈው 13 ተሸነፉ። በዚያ ሽንፈት ሁለተኛ ሆነው የመምረጥ ዕድል አገኙና ኳስ ወርዋሪውን ጄይደን ዳንኤልስን ወሰዱ። በሚቀጥለው ወቅት 12 አሸነፉ፤ ለፍጻሜው፣ ለሱፐር ቦውል፣ አንድ ጨዋታ ቀርቷቸው በፊላዴልፊያ ተሸኙ።

ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ከቺካጎ ጋር ሲጫወቱ መኪናዬ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ነበር። ቺካጎ 15 ለ12 ይመራል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ቀርተውታል። ዳንኤልስ ኳሷን እንዲሁ ወደ ሰማይ ለቀቃት። አንድ መንጋ ሰው ተረባረበባት፤ ተነክታ ስትፈናጠር ከኋላ ብቻውን የቆመው የእኛው ኖህ ብራውን ተቀበላት፤ ስድስት ነጥብ። 18 ለ15። እኔ ግን ከሬዲዮው በፊት ነው ያወቅኩት፤ ስታዲየሙ ከሩቅ ሲያጓራ ሰማሁት፤ ሬዲዮው ገና ኳሷን እያስወረወረ ነበር።

ገብተህ ለማየት ከሆነ ግን እወቀው፤ ስታዲየሙ ዲሲ ውስጥ አይደለም፣ ላንዶቨር ሜሪላንድ ነው። ባቡሩ ሞርጋን ቡሌቫርድ ያወርድሃል፤ ከዚያ አንድ ማይል ያህል በእግር ነው። ጨዋታ ሲያልቅ በሩ ላይ ሆነህ ኡበር አትጥራ፤ ራቅ በል። ዲሲ ውስጥ የድሮው አርኤፍኬ ስታዲየም የነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ሊሠራ ነው፤ ዕቅዱ በ2030 ለመክፈት ነው። ቦርሳም ውስጡ የሚታይ ካልሆነ አያስገቡህም። ደግሞ የቡድኑን የድሮ ስም ሰው ሲጠራ ብትሰማ አንተ አትድገመው። የአገሩን ነባር ሕዝቦች የሚሰድብ ነው ተብሎ በ2020 ቀርቷል።

መልስ፦ «እዚሁ ያደግኩ»

ጋሼ ሰላም ነው? አማርኛዬን ይታገሱኝ። ልጅዎትን ሆኪ ይውሰዱት! ፕሊስ። ሬድ ላይን ሳይቀይሩ ጋለሪ ፕሌስ ይወርዳሉ፤ አሬናው እዚያው ከባቡሩ በላይ ነው።

ሕጉን ሳያውቁ ይገባዎታል። አምስት ለአምስት ሆነው በረዶው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ጥቁር ክብ ጎማ አለች፣ ፓክ ነው የምትባለው፣ ጎል ውስጥ ማስገባት ነው። ያጠፋ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ይታሰራል፤ ቡድኑ በአራት ይቀራል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይነሳል። የካፒታልሱ ኮከብ ኦቬችኪን እዚህ ከ2005 ጀምሮ ነው የተጫወተው። በ2018 ዋንጫ አመጣልን፤ ኤፕሪል 6 ቀን 2025 ደግሞ 895ኛ ጎሉን አግብቶ የግሬትስኪን የጎል ሪከርድ ሰበረ። እኔ ስወለድ አካባቢ ነው የመጣው፤ እሱን እያየሁ ነው ያደግኩት። ጃኬት ይያዙ፣ ውጭው ቢሞቅም ውስጡ ይበርዳል።

መልስ፦ «ካታንጋ»

እንዴት አንድ ሰው ስለ እግር ኳስ አያነሳም? ጊዮርጊስ ነኝ ብሎ የጠየቀ ሰው እኮ ነው።

ዲሲ ዩናይትድ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ (ኤምኤልኤስ) ሲጀመር በ1996 የመጀመሪያውን ዋንጫ የበላ ቡድን ነው። በ1997፣ በ1999 እና በ2004 ደገመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሊጉ ዋንጫ አትጠይቀኝ። ሜዳቸው ኦዲ ፊልድ በ2018 ነው የተከፈተው፤ 20,000 ሰው ይይዛል፣ ከየትም ብትቀመጥ ተጫዋቹ ሲሰዳደብ ትሰማለህ። ከኔቪ ያርድ ሩብ ሰዓት ብትራመድ ነው። ካምቦሎጆ ካታንጋ ስትቀመጥ የነበርክ ከሆነ ባራ ብራቫ የሚባሉት ደጋፊዎች ጋ ሂድ፤ ከበሮው እስከ ፊሽካው አይቆምም። ልጁ ጆሮው ከፈራ ራቅ በሉ። ሜሲ የሚመጣበትን ቀን ግን እርሳው፤ የዚያን ቀን ዋጋ ለብቻው ነው።

የስፒሪት ሴቶችም እዚያው ሜዳ ላይ ናቸው፤ በ2021 ሻምፒዮን ሆነዋል። በበኩሌ ከወንዶቹ ይልቅ የእነሱን ጨዋታ ማየት ይሻለኛል።

ለልጅህ ደግሞ ይህን ንገረው። ጌዲዮን ዘላለም የሚባል ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደዚህ አካባቢ መጣ፤ እዚሁ ሜሪላንድ ኳስ ሲጫወት አርሰናል ወሰደው፤ በ2014 በኤፍኤ ካፕ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። እንግዲህ የአንተ አርሰናልና የእሱ ሰፈር ተገናኙ ማለት ነው።

መልስ፦ «የተበላው»

ስለ ትኬት ከኔ ተማሩ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አራት ትኬት በርካሽ ሸጠልኝ፤ ብሩን ዜል በሚባለው የስልክ መላኪያ ላኩ፣ እሱ ስክሪንሾት ላከልኝ። በሩ ላይ ማሽኑ «ክ» ብሎ ቀይ አበራ። ልጆቼ ማልያ ለብሰው ከኋላዬ ቆመዋል። ሰውዬውን ብደውል ዘግቶኛል።

አሁን ትኬት ስልክ ውስጥ ነው፤ ባርኮዱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ፎቶው አይሠራም። የቡድኑን አፕ አውርድ፣ በስምህ አካውንት ክፈት፣ ሻጩ ትኬቱን ወደዚያ አካውንት ያስተላልፍልህ። ካላስተላለፈ ትኬት የለውም። ቸኩለህም አትግዛ። ትልቅ ጨዋታ ካልሆነ መልሰው የሚሸጡ ሰዎች ቀኑ ሲደርስ ዋጋ ይጥላሉ። የሥራ ቀን ማታ ከሆነማ ሊጀምር አንድ ሰዓት ሲቀረው በጣም ይወርዳል። ሲከፍሉ የሚጨመረውን የአገልግሎት ክፍያ ደምረህ አወዳድር፤ እዚያ ላይ ነው ጉዱ።

«አዲስ ገቢ»

እግዜር ይስጥልኝ! ልጄ ግን ቅርጫት ኳስ ይወዳል። ስለ ዊዛርድስ ማንም ምንም አላለም፤ ምነው?

መልስ፦ «ሬድ ላይን»

ስማቸው «ጠንቋዮች» ማለት ነው፤ ምንም አስማት ግን የላቸውም። በ2023-24 ከ82 ጨዋታ 15 ነው ያሸነፉት። ብቸኛ ዋንጫቸው የ1978 ነው፤ ያኔ ስማቸው ቡሌትስ ነበር። ማይክል ጆርዳን የመጨረሻ ሁለት ወቅቱን እዚህ ነው የተጫወተው፤ እሱም አላዳናቸውም። ጥቅሙ ግን አለ፤ ሲሸነፉ ትኬቱ ይወርዳል፤ የሌላው ቡድን ኮከብ ሲመጣ በትንሽ ብር ታየዋለህ።

እውነተኛ ጨዋታ ከፈለግክ ሚስቲክስ። በ2019 ሻምፒዮን ናቸው። የሚጫወቱት ኮንግረስ ሃይትስ ባለች፣ 4,200 ሰው በምትይዝ ትንሽ አሬና ነው፤ ከሜዳው አጠገብ ነህ ማለት ይቻላል። ሴፕቴምበር 2024 የሴቶች ቅርጫት ኳስ ኮከቧ ኬትሊን ክላርክ ስትመጣ ግን ወደ ትልቁ አሬና ወስደውት 20,711 ሰው ገባ።

«አዲስ ገቢ»

ቅዳሜ ናትስ ሄድን። ቆሎም ይዘን ነበር። በሦስተኛው ቤዝ በኩል ተቀመጥን፣ ቴዲ መጨረሻ ወጣ፣ ናትስ ተሸነፉ፣ ልጄ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ሰኞ ሥራ ቦታ ጨዋታውን እኔ ነኝ ያወራሁት፤ ግማሹን ባላውቀውም።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። የቤዝቦል ጓንት ግዛልኝ አለ፤ ገዛሁለት። ጣቱ በጭራሽ አይገባም፤ አውራ ጣቱ በተቃራኒው ነው የሚመጣው። ልጁ ግራኝ ነው። የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

መልስ፦ «የሁለት ልጆች እናት»

ዕቃው ደህና ነው። ጓንት የሚጠለቀው በማይወረውሩበት እጅ ነው። አንተ የገዛህለት በግራ እጅ የሚጠለቀውን ነው፤ እሱ በግራው ስለሚወረውር በቀኝ የሚጠለቅ ያስፈልገዋል። ደረሰኙን ካልጣልክ መልሰህ ቀይረው። ከጣልከውም አታስብ፤ የኔ ትልቁም ግራኝ ነው፣ የጠበበው አንድ ጓንት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አመጣልሃለሁ።