ጎጃሜ ያለ ዱላ፦ ከልጄ ጋር በረዶ ላይ የዋልኩ ዕለት

የጮቄው ልጅ፣ ኦሮራ ኮሎራዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን "ልጄ ለስፕሪንግ ብሬክ (ለጸደዩ የትምህርት ዕረፍት) ስኖውቦርድ፣ በጣውላ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ካልሄድኩ ብላለች፤ ምን ይሻለኛል?" ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሴ ስለረዘመብኝ ለብቻው አወጣሁት። አጭሩ ይሄ ነው፦ አትከልክላት፣ ብቻዋንም አትልቀቃት። አብረሃት ሂድ።

ኦሮራ ስኖር 14 ዓመቴ ነው። ከበረንዳዬ ሆኜ የሮኪ ተራሮችን አያለሁ። ነጭ ናቸው፣ ያምራሉ፣ በቃ። እንደ ግድግዳ ስዕል ነው የኖሩት። ሥራዬ ኤርፖርት ሻንጣ መጫን ነው። ኦፌ፣ የዕረፍት ቀኔ ማለት ነው፣ ሐሙስ ናት፤ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ሽፍት። በረዶ ማለት ለእኔ ሌሊት ከመኪና መስታወት ላይ በካርድ የሚፋቅ ነገር ነበር።

ልጄ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ከጓደኞቿ ጋር ፍሎሪዳ ሊሄዱ ነበር፤ አንዷ ታመመች፣ አንዷ ብር አጠራት፣ ዕቅዱ ፈረሰ። ቤት መጥታ ሁለት ቀን ሶፋ ላይ ተጋደመች። ረቡዕ ማታ "አባዬ፣ ነገ ኦፍ አይደለህ? ለምን ተራራ አንወጣም?" አለችኝ። ያለችው ስኖውቦርድ መሆኑ ነው። አምና ከጓደኞቿ ጋር ጀምራዋለች። ሰበብ ፈለግሁ። "ሁዳዴ ነው" አልኳት። "በረዶ የጾም ነው" አለችኝ። ምን ልመልስ?

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣን። በሐበሻ ማለቴ ነው። ወደ ተራራው የሚወስደውን አውራ ጎዳና፣ አይ 70ን፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ካረፈድክ መንገድ መሆኑ ይቀርና ፓርኪንግ ይሆናል። ለማታውቁት አንድ ነገር ልንገር። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ሞተሩ ሁለቱን ጎማ ብቻ የሚያሽከረክር መኪና (ቱ ዊል ድራይቭ) የያዘ ሰው ለበረዶ የሚሆን ጎማ ሊኖረው ወይም ሰንሰለት ሊይዝ ግዴታ ነው። ሰማዩ ጥርት ቢልም ያው ነው። ቅጣቱን ከምትከፍሉ ጎማችሁን እዩ።

ዳገቱን ስንወጣ ልጄ ጆሮዬን እንዳያመኝ ማስቲካ ሰጠችኝ። ሳቅሁባት። እኔ እኮ የተወለድኩት ጮቄ ሥር፣ ረቡዕ ገበያ አጠገብ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት ብለው ሲኩራሩብኝ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት ብዬ አፋቸውን አስይዣለሁ። ጮቄማ ከ4,000 ያልፋል። እና ከአይዘንሃወር ዋሻ ትንሽ ወዲህ ስንደርስ፣ 3,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከመኪና ወርጄ ቦት ጫማዬን ለማሰር ሦስት ጊዜ ቆሜ ተነፈስኩ። 14 ዓመት ቆላ የከረመ ደገኛ ደገኛ አይደለም።

ወደ ዕቃ ኪራዩ ሄድን። ለጀማሪ ትምህርቱን፣ ኪራዩንና የጀማሪ ሊፍቱን (ወደ ላይ የሚያወጣውን) አንድ ላይ የሚሸጡበት አለ፤ እሱን ግዙ። ለየብቻ ስትገዙ ነው ጉድ የሚፈላው። ትልልቆቹ ቦታዎች የአንድ ቀን ሊፍት ብቻውን መስኮት ላይ ከ200 ዶላር በላይ ይላሉ። አስቀድሞ በኦንላይን ይረክሳል። ልብሱን አትግዙ። ሱሪውን ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩ፣ ጃኬቱን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ12 ዶላር ገዛሁት። ጂንስ ለብሳችሁ እንዳትሄዱ ብቻ። ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይደርቅባችኋል፣ እንደ ቆርቆሮ።

አሁን ወደ ዱላው ልምጣ። ስኪ የሚሄዱት ሰዎች በሁለት እጃቸው ሁለት በትር ይዘዋል። ስኖውቦርድ ግን የለውም። ሁለት እግርህን አንድ ጣውላ ላይ ያስሩልሃል፣ እጅህን ባዶ ይለቁታል። በቃ። "ዱላው የታለ?" ብዬ ጠየቅሁ። አስተማሪው የልጄ እኩያ የሚሆን ልጅ ነው፣ "አያስፈልግም" አለኝ። ያለ ዱላ ቁልቁለት የሚወርድ ጎጃሜ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ልጁ ሳላስበው ከኋላዬ ገፋ አደረገኝ። ልቆጣ ዞር ስል እየሳቀ ነው። ለካ የትኛው እግሬ እንደሚቀድም ለማየት ነው። ቀኝ እግሬ ቀደመ። ቀኝ የሚቀድመውን "ጉፊ" ይሉታል። ልጄ እስከ ማታ ጉፊ ስትለኝ ዋለች።

ጀማሪዎቹን ወደ ላይ የሚያወጣው በረዶው ላይ የተዘረጋ የጎማ ቀበቶ ነው። ቆመህ ይወስድሃል። ልክ እንደ ኤርፖርቱ የሻንጣ ቀበቶ። ዕድሜዬን ሻንጣ ስጭን ኖሬ እዚያ ራሴ ሻንጣ ሆንኩ።

ስንቴ እንደወደቅሁ አልቆጠርኩም። አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን በጎኔ ሽው ብሎ ሲያልፍ "ይቅርታ ጌታዬ" ብሎኛል። መቀመጫዬ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ፣ አንዴም በግንባሬ። ጀማሪ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ተረከዙን በረዶው ውስጥ ሰክቶ እንደ ቅጠል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንሳፈፈ መውረድን ነው። ቅጠል የሆንኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ድንጋይ ነበርኩ። በነገራችን ላይ በመጋቢት ጠዋት በረዶው ይደነድናል፤ እኩለ ቀን ላይ ይለሰልሳል፣ ወደ ማታ የሐምሌ ጭቃ ይመስላል። ጀማሪ ከሆናችሁ ረፋዱን ጠብቁ። መቀመጫችሁ ያመሰግናችኋል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ልጄ ተረከበችኝ። እሷ ወደ ኋላ እየወረደች፣ እኔ ፊት ለፊቷ። "አባዬ እግርህን አትይ። የምትሄድበትን እይ። እግርህን ካየህ ትወድቃለህ።" ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት መኪና ሳስተምራት ኮፈኑን እያየች ስትነዳብኝ እኔው ነኝ ያልኳት። ቃሉም ቁጣውም የኔው ነው። አየሁ ቀና ብዬ። እውነትም ዞረልኝ። አንድ ሃያ ሜትር ያህል ሳልወድቅ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ምሳ መኪና ውስጥ በላን። ፍርፍር በቴርሞስ፣ በሶ በጠርሙስ። የንስሐ አባቴ ሰዓቱን ይፍቱኝ። እዚያ ላይ ያለውን ካፌ አንድ ጊዜ ገብቼ ዋጋውን አይቼ ወጥቻለሁ፤ የጾም የሚባል ነገር ድንች ጥብስ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር የሆነው ግን ስንመለስ ነው። አንድ ተሳቢ መንገዱን ዘጋው። ሦስት ሰዓት ቆምን። ስልኳ ቻርጅ ጨረሰ፤ እግዜር ይስጠው። ሲመሽ ሲመሽ "አባዬ፣ ነርሲንጉን ትቼዋለሁ" አለች። ከመኪና ወርጄ የምሄድበት የለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ሽፍት ደረሰብኝ ብዬ እወጣ ነበር። ዝም አልኩ። "ታዲያ ምን?" አልኳት። "ውሃ" አለች።

ከዚያ ስታስረዳኝ አመሸች። ያ ስንንከባለልበት የዋልነው በረዶ ጎተራ ነው አለችኝ። ክረምቱን ሙሉ ይጠራቀምና በጸደይ እየቀለጠ ወንዙን ይሞላል። በረዶው ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ የሚለኩ ሰዎች አሉ። ዋሻው ያለፈበት ሸንተረር ውሃ የሚከፍል ነው፤ ወዲህ የወረደው ወደ አትላንቲክ፣ ወዲያ የወረደው ወደ ፓሲፊክ። "ጮቄስ በረዶ የለውም፣ በበጋ ውሃው ከየት ይመጣል?" ብላ ጠየቀችኝ። ጮቄ ሥር ተወልጄ፣ ከምንጩ ቀድቼ አድጌ፣ መልስ አጣሁ።

እሁድ ስልኩ ሲገኝ እናቴ ጋ ደወልን። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ የተገኘ መስመር ነው።

"እምዬ፣ ሐሙስ ከልጅቷ ጋር በረዶ ላይ ዋልን" አልኳት።

"ውይ በሞትኩት! ገብሱን መታው?"

"ገብስ የለንም እኮ።"

"ታዲያ በረዶው ምን ሊሠራ መጣ?"

"እኛ ነን የሄድንበት።"

ዝም አለች። "ከፍላችሁ?" ልጄ ከጎኔ "አዎ እምዬ!" ብላ ጮኸች። በዓይኔ ገረፍኳት። እናቴ ግን ስትስቅ መስመሩ ሊቋረጥ ደረሰ። ከዚያ ልጅቷ ስለ ውሃው ጠየቀቻት። "ከጓሳው ነዋ" አለች እናቴ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። "ጓሳው ሥር መሬቱ ይይዘዋል፣ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ጓሳው ሲታረስ ጊዜ ምንጩም ሸሸ።" ልጄ ወረቀት ፈልጋ ጻፈችው።

ደጀን በር፣ ዳላስ፦

ወንድምዓለም፣ አሳቅኸኝ። ግን ልናገር። አገር ቤት መንገዱ በሚዘጋበት፣ ስልኩ በሚጠፋበት ጊዜ ለአንድ ቀን መንሸራተት ከ300 ዶላር በላይ ማውጣት ልቤ አይቀበለውም። በዚያ ብር ስንት ማዳበሪያ ይገዛል? ልጆቻችን ፈረንጅ ሲሆኑ እኛም አብረን እየሆንን ነው።

የጮቄው ልጅ፦

ጋሼ፣ ማዳበሪያውን አስልቼዋለሁ፤ ቦቱን ሳስር ሁሉ እያሰላሁ ነበር። የእናቴን ቀድሜ ልኬ ነው የወጣሁት፣ ይድረስ አይድረስ ግን አላውቅም ነበር። በየዓመቱ አደርገዋለሁ አላልኩም። ፈረንጅ ስለመሆኑ ግን አልስማማም። ልጄ ከአያቷ ጋር አሥር ደቂቃ ሙሉ ስታወራ የሰማሁት ከዚያ በረዶ በኋላ ነው። በፊት "ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ እንካ አባዬ" ነበር።

ነርሷ ከብቸና፣ ሲያትል፦

እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፤ ስለ ገንዘቡ አልከራከርም። ስለ አንጓው ልናገር። ጀማሪ ስኖውቦርደር በብዛት የሚጎዳው የእጁ አንጓ ነው። ሰው ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል፣ አጥንቱ እዚያ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ስትወድቁ እጃችሁን ጨብጡ። ወደፊት ከሆነ በጉልበትና በክንዳችሁ፣ ወደ ኋላ ከሆነ በመቀመጫችሁ ውደቁ፣ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ሳቡ። የአንጓ መከላከያ ርካሽ ነው፣ ግዙ። ሄልሜት ያለ ድርድር።

ሌላው ፀሐይ ነው። "ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም" የሚል ሐበሻ በየዓመቱ ዓይኑ ተቃጥሎ ይመጣል። ትኩስ በረዶ የፀሐዩን ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ይወረውረዋል። መነጽር አድርጉ፣ ክሬም ተቀቡ። ራስ ምታት ከጀመራችሁ ውሃ ጠጡ፣ ካልተሻላችሁ ውረዱ። ጀግንነት አያስፈልግም። ልጃችሁ 26 ዓመት እስኪሞላት በእናንተ ኢንሹራንስ መቆየት ትችላለች፤ ግን ሌላ ስቴት ስትሄድ የሚሸፍን መሆኑን ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ለልጅቷ ደግሞ፦ ነርሲንግ ጥሩ ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ። ውሃም ጥሩ ነው።

ሞጣ በር፣ ሚኒሶታ፦

ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው ለምትሉ፦ ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጅ 2006 ቱሪን ላይ፣ ከዚያም 2010 ቫንኩቨር ላይ ለኢትዮጵያ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ባንዲራችንን የያዘ የመጀመሪያው እሱ ነው። እሱ ግን በትር ነበረው። ጎጃሜዎች ስኪ ይሻላችኋል።

አዲስ ገቢ፣ ኦሮራ፦

እኔ ከመጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ልጅ የለኝም፣ መኪናም የለኝም። ግን ያን ተራራ በየቀኑ ከአውቶቡስ አየዋለሁ። እኔም ሰው ይዞኝ ቢሄድ ደስ ይለኛል። የመኪናውን አዋጣለሁ።

የጮቄው ልጅ፦

ወንድሜ፣ የሚቀጥለው ሐሙስ ልጄ ከመመለሷ በፊት አንዴ እንወጣለን። ሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አለ። መዋጮ አልፈልግም፣ በሶ አምጣ። የአንጓ መከላከያም ገዝቻለሁ፣ እህታችን ከብቸና እንዳትቆጣኝ። ከቤቴ በር ላይ 11 ሰዓት። በሐበሻ ነው፤ የፈረንጅ መስሎት የተኛ ይቀራል።