ዳትሰን 240 ዜድ፦ በ15×7 ቸርኬ ላይ የትኛው ጎማ ይሻላል?

ቀይ ዜድ፦

ጤና ይስጥልኝ። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1972 ዳትሰን 240 ዜድ ነው። አሁን ያለው የፋብሪካው የብረት ቸርኬ 14×4.5 (ቁመቱ 14፣ ስፋቱ 4.5 ኢንች) ሲሆን ጎማው 175 አር 14 ነው። የጎማዎቹ ጥርስ ገና ነው፤ ጎናቸው ግን ስለተሰነጣጠቀ መቀየራቸው አይቀርም። ቸርኬውንም አብሬ ልቀይር ነው።

ያገኘሁት ባለ 4 ቡሎን የአልሙኒየም ቸርኬ 15×7፣ ኦፍሴቱ ዜሮ ነው። ሻጩ «225/50 አር 15 ግጥም ብሎ ይገባል» ይላል። ሞላውና አሞርዛተሩ የፋብሪካው ናቸው፣ መኪናውም ዝቅ አልተደረገም። ፓራፋንጎ መቁረጥም ሆነ ጠርዙን ማጠፍ አልፈልግም። ጉዞዬ በአስፋልት ላይ ነው፦ ጠመዝማዛ መንገድና ረጅም ርቀት፤ ውድድር የለም። መሪው ያለ ፓወር ስለሆነ እንዳይከብድም እሰጋለሁ።

225/50 ለዚህ መኪና ይሆናል? ካልሆነስ የትኛው? የሚነካካ ቦታ እንዳለ ሳልገዛ የማውቅበት መንገድስ አለ?

ጎሚስታው፦

ወንድሜ፣ ስፋቱን ለጊዜው ተወውና ከጎማው ቁመት ጀምር። የማርሹ ርዝመት፣ የፍጥነት መለኪያው፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ሁሉም የተሰላው ለአንድ ቁመት ነው። 175 አር 14 ላይ የጎኑ መጠን ያልተጻፈው በዘመኑ ከስፋቱ 80 በመቶ ገደማ መሆኑ የታወቀ ስለነበር ነው። የ175 ሰማንያ በመቶ 140 ሚሊ ሜትር ነው፤ ላይና ታች ሲደመር 280፤ በዚህ ላይ የ14 ኢንች ቸርኬ 355.6 ሲጨመር 635.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ82 በመቶ የሚሠሩ አምራቾችም ስላሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ሊል ይችላል።

ሌሎቹን በዚያው መንገድ ስታሰላቸው (የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ጎኑ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ኢንች ነው)፦

195/70 አር 14፦ 628.6 (በ1.1 በመቶ ያጥራል)
195/65 አር 15፦ 634.5 (0.2)
205/60 አር 15፦ 627 (1.4)
195/60 አር 15፦ 615 (3.2)
225/50 አር 15፦ 606 (4.7)
205/55 አር 16፦ 631.9 (0.6)

ሻጩ የመከረህ ከሁሉም አጭሩን ነው። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል በትክክል የምትሄደው 95 ገደማ ይሆናል። መኪናው 15 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ይህን ደግሞ ሞላ ሳትነካ ነው የምታጣው፤ ጭስ ማውጫውም ወደ መሬት ይቀርባል። ሞተሩም በዚያው ፍጥነት 5 በመቶ ያህል አብዝቶ ይዞራል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ባለ 4 ማርሽ መኪኖች ላይ የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 3.364 ነው፤ በ225/50 ግን 3.53 እንደተገጠመለት ያህል ይሆናል። ለአጭር የፍጥነት ውድድር ይህ ጥቅም ነው። ለረጅም ጉዞ ግን ጩኸትና ቤንዚን ነው።

ከቁመቱ ቀጥሎ የጎማው ጎን አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። የፋብሪካው ጎማ 140 ሚሊ ሜትር ጎን ነበረው። ያ ጎን የሱስፔንሽኑ አካል ነው፤ ትንንሹን የመንገድ ምት የሚውጠው እሱ ነው። ጎማው መንሸራተት ሲጀምርም ቀስ ብሎ ነው፣ ለሹፌሩ ጊዜ ይሰጣል። 205/60 ላይ ጎኑ 123፣ 225/50 ላይ 112.5 ይሆናል። በ225/50 ላይ መሪው ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ግን የመንገዱ ምት በቀጥታ ወደ ጎሚኒዎቹ፣ ወደ መሪው ጥርስና ወደ ሃምሳ ዓመት የሞላው ቦዲ ይሄዳል። በተሰበረ አስፋልት ላይ ቸርኬ የሚያጣምመውም አጭር ጎን ነው።

ቸርኬው 7 ኢንች ከሆነ የኔ ምርጫ 205/60 አር 15 ነው። 195/65 አር 15 በቁመት ይበልጠዋል፣ በብዙ የቤት መኪኖች ላይ ስለሚገጠምም እንደ ልብ ይገኛል፤ ነገር ግን 7 ኢንች ለሱ የመጨረሻው ስፋት ስለሆነ ጎኑ ወደ ውጭ ይወጠራል። 15×6 ብታገኝ ኖሮ ያለማመንታት 195/65 እልህ ነበር።

ካምበር፦

በቁመቱ እስማማለሁ። በመነካካቱ ላይ ግን ኦፍሴት ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ መለካት ያስፈልጋል። ኦፍሴት ማለት የቸርኬው መታሰሪያ ፊት ከስፋቱ መሐል ምን ያህል እንደራቀ ነው። ዜሮ ከሆነ መታሰሪያው ልክ መሐል ላይ ነው፤ ስለዚህ የጎማው ስፋት ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ይሄዳል። የሚለካው ደግሞ የቸርኬው ስፋት ሳይሆን የጎማው ሆድ ነው፣ ከቸርኬው ያልፋልና። 205/60 በ6 ኢንች ቸርኬ ላይ 209 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቸርኬው በግማሽ ኢንች በሰፋ ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር በ7 ኢንች ላይ 219 ይሆናል። ግማሹ 109.5 ነው። 225/50 በ7 ኢንች ላይ 233 ገደማ ነው፤ ግማሹ 116.5።

አሁን መኪናው ጋ ሂድ። ከኋላ ጀምር፣ የ240 ዜድ ጠባቡ ቦታ እዚያ ነውና። መኪናውን አንሥተህ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፍ፤ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ አይለካም። ጎማውን አውጣ። ክሪኩን ከታችኛው ክንድ ስር አድርገህ እግሩን መኪናው መሬት ሲቆም ወደሚሆንበት ከፍታ መልሰው። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በታምቡሩ መታሰሪያ ፊት ላይ ቀጥ አድርገህ አስደግፍና ሦስት ርቀት ያዝ፦ ወደ ውስጥ እስከ አሞርዛተሩ ቱቦ፣ ወደ ውስጥ ሞላው እስከሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ፣ ወደ ውጭ እስከ ፓራፋንጎው የውስጥ ጠርዝ። ሳህኑ ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት ማዕከል) መሐል በላይ ስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንዳለም ለካ። የጎማው ግማሽ ቁመት ከዚያ ካነሰ ጎማው ከሳህኑ ስር ያልፋል፤ ከበለጠ ግን ከጎኑ ስለሚቆም የውስጡ ክፍተት ወሳኝ ይሆናል። አጭሩ 225/50 በአንዳንድ መኪና ላይ ሲገባ ከሱ የጠበበው ግን ረጅሙ ጎማ የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው።

በውስጥና በውጭ በኩል የሚፈቀደው ክፍተት እኩል አይደለም። በዚህ መኪና ላይ አሞርዛተሩና የሞላው ሳህን ከሞዞው ጋር አብረው ነው የሚወጡት የሚወርዱት። ስለዚህ በውስጥ በኩል ያለው ርቀት እግሩ ቢወጣም ቢወርድም አይቀየርም፤ የጎማው መለጠጥ ብቻ ነው ያለው፣ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ፓራፋንጎው ግን ከቦዲው ጋር ስለሆነ እግሩ ሲወጣ ጎማው ወደሱ ይሄዳል። እዚያ ቢያንስ 10፣ ቢቻል 15 ተው። እንደ ኤምጂቢ ያለ ባሌስትራና ድፍን አክሰል ያለው መኪና ያላቸው አንባቢዎች ይህን የውስጥ ቁጥር አይውሰዱት፤ አክሰሉ በመዞሪያ ላይ ወደ ጎን ስለሚገፋ በውስጥም በውጭም ሰፋ ያለ ክፍተት ይጠይቃል።

ፊት ለፊት መለካቱ ያው ነው፤ መሪውን ግን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ ተመልከት። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካው የፓራፋንጎው የታችኛው የፊት ማዕዘን ነው፣ ከመከላከያው ስር ያለው። መሪው ተጠምዝዞ አንድ ጎማ ሲወጣ ነው የሚነካው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ላይታይ ይችላል። ክሪኩን ከፍ አድርገህ እግሩን ወደ ላይ ጨምቀህ እይ።

ሞዞ 73፦

ስለ መታሰሪያው ማንም አላነሣም፤ ከመጠኑ ይልቅ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

የ240 ዜድ መታሰሪያ 4 ቡሎን በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ፣ ቡሎኑ 12 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ 1.25 (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር)፣ የሞዞው ከንፈር 73 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥርሱ 1.5 የሆነ ዳዶ በ1.25 ቡሎን ላይ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባና ይጠብቃል። እዚያ ላይ በቁልፍ የጨመረበት ሰው የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ሁሉም ዳዶ ዳር እስኪደርስ በጣት መዞር አለበት፤ ካልዞረ የሱ አይደለም።

ቀጥሎ የዳዶውን መቀመጫ እይ። የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው። የድሮ ዓይነት የአልሙኒየም ቸርኬዎች ግን ብዙዎቹ ቀጥ ያለ አንገት ያለውና ከስሩ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ነው የሚፈልጉት። ሾጣጣውን በጠፍጣፋ ቀዳዳ ላይ ካሰርክ የሚይዘው ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ አልሙኒየሙን እየቆረጠ ይላላል። አንገት ያለውም ቢሆን አንገቱ ከቸርኬው ውፍረት ከረዘመ ቸርኬውን ሳይጨብጥ ታምቡሩ ላይ ይቆማል፣ የጠበቀም ይመስላል። ቸርኬውን ስትገዛ የራሱ ዳዶ አብሮ ይምጣ።

ዳዶው ቡሎኑን ቢያንስ በቡሎኑ ውፍረት ያህል ማለትም 12 ሚሊ ሜትር መያዝ አለበት፤ በዚህ ጥርስ ወደ 10 ሙሉ ዙር ማለት ነው። የአልሙኒየሙ ቸርኬ ከብረቱ ወፍራም ስለሆነ የድሮው ቡሎን ሊያጥር ይችላል። ካጠረ ረጅም ቡሎን ይተካ። ስፔሰር (በቸርኬውና በመታሰሪያው መሐል የሚገባ ቀለበት) አስገብቶ ይህን የባሰ ማሳጠር ደግሞ አይታሰብም፤ ኦፍሴቱ ካልሆነ ቸርኬውን መተው ነው።

የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ ከ73 ከሰፋ ማመጣጠኛ ቀለበት ይግባበት። ካልሆነ ሾጣጣ መቀመጫ በሌለው ቸርኬ ላይ መሐሉን የሚጠብቅ ነገር ስለማይኖር መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባላንስ ቢደጋገምም አይጠፋም። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በመለኪያ ቁልፍ፣ ቸርኬውን የሠራው ኩባንያ በሰጠው ልክ እሰር። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ደግመህ አጥብቅ።

ቀይ ዜድ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለካሁ። ከኋላ ወደ ውስጥ እስከ ሞላው ሳህን 121፣ ወደ ውጭ እስከ ፓራፋንጎው 128 ነው። ግራና ቀኙ በ3 ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ የጻፍኩት ትንሹን ነው። ፊት ለፊት ወደ ውጭ 124። ከፊት ወደ ውስጥ ከኋላው ይሰፋል። የመሐል ቀዳዳው 73.1 ነው፤ ዳዶውም አንገት ያለው፣ ከቸርኬው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ቡሎኑን 11 ዙር ይይዛል።

ካምበር፦

ግራና ቀኙ መለያየቱ በዚህ ዕድሜ መኪና ላይ የተለመደ ነው፤ ትንሹን መያዝህ ጥሩ ነው።

እንግዲህ 205/60 በዚህ ቸርኬ ላይ፦ ከኋላ በውስጥ 121 ሲቀነስ 109.5፣ 11.5 ይቀራል፤ በውጭ 18.5። ከፊት በውጭ 14.5። ሁሉም ይገባል፣ ፓራፋንጎም አይነካም። 225/50 ቢሆን በውስጥ 4.5፣ ከፊት በውጭ 7.5 ብቻ ነበር የሚቀረው። ሁለቱም ከገደቡ በታች ናቸው።

ስለ መሪው፦ ኦፍሴቱ ከድሮው ካነሰ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ወደ ውጭ ይወጣል። መሪው ሲቆም ይከብዳል፣ ጉድጓድም በእጅ ላይ ይመታል፤ የፊት ኩሽኔታዎችም ተጨማሪ ጫና ይሸከማሉ። በ205 ይህ የሚቻል ነው። ቸርኬው ከመግባቱ በፊት ኩሽኔታዎቹን ክፈት፣ ግራሱን ቀይር፣ የመሪውን ጎሚኒዎችና ቦል ጆይንቶች ፈትሽ፤ ትንሽ ልቅ የሆነውን ሁሉ አዲሱ ጎማ ያጋልጠዋል። ከዚያ ዊል አላይመንት አሠራ። በፋብሪካው አሠራር የሚስተካከለው የፊቱ ግጥጥሞሽ (የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየቱ) ብቻ ነው፤ ካምበር (የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል) እና ካስተር (የመሪው መዞሪያ ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዘንበል) አይነኩም። ሠራተኛው አስተካከልኩ ካለህ ምን እንደነካ ጠይቀው።

ጎሚስታው፦

ጎማውን ስትመርጥ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። መኪናው ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስለሚደርስ የፍጥነቱ ፊደል ኤች (210) ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ኤስ (180) እና ቲ (190) አይበቁም። የክብደቱ ቁጥር 88 ከሆነ አንድ ጎማ 560 ኪሎ ይሸከማል፤ ለዚህ ቀላል መኪና ከበቂ በላይ ነው። የተመረተበትን ቀንም ጎኑ ላይ እይ፦ መጨረሻ ያሉት 4 አሃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ዓመታትን መጋዘን ያሳለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አትውሰድ።

አየሩን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በ28 ፒኤስአይ ጀምር፣ ፊትና ኋላ እኩል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ አበላሉን እይ። 205 ጎማ በ7 ኢንች ላይ ጠፍጣፋ ስለሚቀመጥ መሐሉ ከዳሩ ቀድሞ ካለቀ አየሩ በዝቷል፣ 2 ፒኤስአይ ቀንስ። ሁለቱም ዳር ካለቀ ጨምር። የውስጥ ዳሩ ብቻ ከተበላ ግን አየሩን ተወው፤ ችግሩ ከአላይመንቱ ነው።