የኋላ ማራገቢያን ፍጥነት ከሊኑክስ መቆጣጠር አልቻልኩም

ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት በጫንኩበት ዴስክቶፕ ላይ ከኋላ በኩል አየር የሚያስወጣ ባለ አራት ፒን ማራገቢያ አለ። ፍጥነቱ በባዮስ (በማዘርቦርዱ ውስጥ ባለው መሠረታዊ ፕሮግራም) በኩል ያለ ችግር ይስተካከላል፤ ይሁን እንጂ ባዮሱ የሚከተለው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ ግራፊክስ ካርዱ 80 ዲግሪ ሲደርስ እንኳ ማራገቢያው በዝግታ ይዞራል። በመሆኑም ፋንኮንትሮል በተባለው ፕሮግራም ከካርዱ ሙቀት ጋር ላያይዘው አሰብኩ።

የመለኪያ ቺፖችን የሚፈልገው ሴንሰርስ-ዲቴክት የተባለ ፕሮግራም፣ ሙቀትንና ማራገቢያዎችን የሚከታተለው የማዘርቦርዱ ቺፕ በኤንሲቲ6775 ድራይቨር (ሊኑክስን ከቺፑ ጋር በሚያገናኝ ፕሮግራም) እንደሚሠራ ነግሮኛል። ድራይቨሩን በሞድፕሮብ ትእዛዝ ስጭነው ግን «መሣሪያው የለም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መዝገብም ቺፑ የሚጠቀምበትን አድራሻ ኤሲፒአይ (ባዮሱና ሊኑክስ ሃርድዌሩን ለማስተዳደር የሚግባቡበት ሥርዓት) እንደያዘው ያሳያል። ፋንኮንትሮልን ለማዋቀር ማራገቢያዎችን የሚፈትሸው ፒደብልዩኤምኮንፊግ በበኩሉ ፍጥነቱን ሊቀይረው የሚችል አንድም ማራገቢያ አያገኝም። ባዮሱን ወደ መጨረሻው እትም ባሳድገውም የተለወጠ ነገር የለም።

ኤሲፒአይ_ኢንፎርስ_ሪሶርስስ የተባለውን የከርነል አማራጭ «ላክስ» (ልል) ማድረግ ይህን የአድራሻ ግጭት እንደሚያልፈው አንብቤያለሁ። ሆኖም ባዮሱና ድራይቨሩ ያንኑ ቺፕ በአንድ ጊዜ ከነኩት የሙቀት ንባቡ ሊዛባ እንደሚችል የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ አሳስቦኛል፤ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ጠባቂ የሚሠራ ነውና ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ይህን አማራጭ በቋሚነት መጠቀም ያሰጋል፣ ወይስ ቺፑን በኤሲፒአይ በኩል ራሱ ማዘዝ የሚቻልበት መንገድ አለ?