በማጓጓዝ ላይ ለተጎዱ መኪኖች ተጠያቂው ማን ነው?

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ አዳማ ውስጥ መኪና እሸጣለሁ። ከአስመጪ የገዛኋቸው አዳዲስ መኪኖች ከሞጆ ደረቅ ወደብ በተሳቢ ተጭነው ሲደርሱ የአንዱ በር ተጨርምቶ፣ የሌላው የፊት መስታወት ተሰንጥቆ ስለተገኘ፣ ሹፌሩ ባለበት ጉዳቱን በርክክብ ሰነዱ ላይ አስፍሬ ተረክቤአለሁ። አስመጪው ለአጓጓዡ ካስረከብኩ በኋላ አይመለከተኝም ይላል፤ አጓጓዡ ደግሞ፣ በጭነት ሰነዱ ላይ አንዳች ማስታወሻ ሳይኖር፣ ሲጫኑም እንዲሁ ነበሩ ባይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2324 የጉዳት ኃላፊነት ወደ ገዢ የሚተላለፈው በውሉ መሠረት ርክክብ ሲፈጸም እንደሆነ ይደነግጋል፤ ውላችን ግን የርክክቡን ቦታ አይገልጽም። የማጓጓዣውን ዋጋ የከፈለው አስመጪው መሆኑ፣ ርክክቡ አዳማ ላይ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆነኛል? በየብስ ዕቃ ስለማጓጓዝ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 547/1999 ጠቅሼስ ሁለቱን በአንድ መዝገብ መክሰስ እችላለሁ? ቀብድ የከፈሉ ደንበኞች እየጠበቁኝ ስለሆነ፣ ጥገናውን ከክሱ በፊት ባስጀምር ማስረጃዬ ይጎዳ እንደሆነም እንድትነግሩኝ በትሕትና እለምናለሁ።