የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎችን የደህንነት ትጥቅ ወጪ በተመለከተ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣

እኛ በደቡብ ወሎ ሐይቅ ከተማ የእሳት አደጋ መኪና ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪደርስ ድረስ እሳትን ለመግታት የተሰባሰብን በጎ ፈቃደኞች ነን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ እኛ ግን ደመወዝ የሚከፍለን አሠሪ ስለሌለን ወጪው በሙሉ በመዋጮአችን ላይ ወድቋል። ደንቡ ይቅርልን አንልም፤ ጭስ ደመወዝተኛውንም በጎ ፈቃደኛውንም እኩል ይጎዳልና።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞቻችን ያገለገለ ልብስና የመተንፈሻ መሣሪያ ሊልኩልን ፈቅደዋል። ነገር ግን በአሜሪካ በሚሠራበት የብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ.) ደረጃ መሠረት ልብሱ ከተመረተ 10 ዓመት ሲሞላው ከአገልግሎት መውጣት አለበት፤ የካርቦን ፋይበር የአየር ሲሊንደርም በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት መፈተሽ የሚኖርበት ሲሆን አብዛኛው ከ15 ዓመት በላይ አያገለግልም። የመፈተሻው ወጪ፣ በእኛ አቅም፣ ስጦታውን ራሱን ዕዳ ያደርግብናል።

ዕድሜው ያለፈ ልብስ ወደሚነደው ቤት ሳይገቡ ከውጭ ውሃ ለሚረጩ አባላት ይፈቀዳል ወይስ ፈጽሞ መተው አለበት? ሲሊንደርስ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የሚፈትሽ ድርጅት ታውቃላችሁ? ገንዘባችን ለአንዱ ብቻ ቢበቃ ቅድሚያውን ለልብስ እንስጥ ወይስ ለመተንፈሻ?