ለእግር ጉዞ ቡድን የትኛው የእጅ ሬዲዮ ይሻላል? ጥያቄና ጥቆማ

ጥያቄ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሃያ ያህል ሰዎች በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለእግር ጉዞ እንሄዳለን። ልጆችም፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናቶችም አብረውን ስለሚጓዙ ሰልፉ ይረዝማል፤ ተራራው ውስጥ ከገባን በኋላ ደግሞ ስልካችን አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርክ አያገኝም። ከፊት የሚሄደውና ከኋላ የሚቀረው እንዲነጋገሩ ዎኪቶኪ ለመግዛት አስበናል። ይሁንና አንዱ ሣጥን 16 ማይል፣ ሌላው 38 ማይል ይላል፤ ዋጋቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የተጠቀማችሁበት ብትመክሩን ደስ ይለናል።

መልስ

በቅድሚያ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ማይል እንዳላያችሁት እለፉት። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት ሞገድ ምድርን ተከትሎ አይጎብጥም፤ ኮረብታና ቋጥኝም በቀላሉ አያልፍም። ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ አድማሱን የሚያየው ሦስት ማይል እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ምንም በማይከልለው ሜዳ ላይ ቢቆሙ እንኳ ምድር ራሷ ከስድስት ማይል እምብዛም በማይርቅ ቦታ ትጋርዳቸዋለች። 38 ማይል የሚሆነው አንዱ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ሌላው ሸለቆ ውስጥ ሆነው በመካከላቸው ዛፍ እንኳ ሳይኖር ነው። እኛ በሸናንዶዋ ጫካ ውስጥ ያገኘነው እንደ መሬቱ አቀማመጥ ከግማሽ ማይል እስከ ሁለት ማይል ነው፤ ለእግር ጉዞ ደግሞ ይህ ይበቃል።

በአሜሪካ ሕግ ያለ ፈቃድ ከሚሠሩት አንዱና እነዚህ ዎኪቶኪዎች የሚጠቀሙበት፣ ኤፍ አር ኤስ የሚባለው የቤተሰብ ሬዲዮ አገልግሎት ነው። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1996 ያቋቋመው ሲሆን፣ በ2017 ደንቡን አሻሽሎ 22 ቻናል ፈቅዶለታል። ከቻናል 8 እስከ 14 ያሉት በግማሽ ዋት ብቻ ስለሚሠሩ ለቅርብ ካልሆነ አትምረጧቸው፤ ሌሎቹ እስከ 2 ዋት ይፈቀድላቸዋል። ሆኖም ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሆነ ርቀቱም አራት እጥፍ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ገላጣ ቦታ ላይ ቢበዛ እጥፍ ቢሆን ነው፣ ኮረብታ ሲጋርደው ግን ያም አይገኝም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ የሞቶሮላ ቶክአባውት ቲ100 ይበቃችኋል፤ 16 ማይል ይላል ያላችሁት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ትንሽና ቀላል ነው፣ በተራ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ለልጅ ቢሰጥም አያሳስብም። ድክመቱ ዝናብ አለመውደዱና ድምፁ በነፋስ ውስጥ መሳሳቱ ነው። የሚድላንድ ቲ71 ከእሱ ሻል ያለ ነው፤ በተለይ የአየር ትንበያ ጣቢያዎችን ስለሚቀበልና የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሲተላለፍ ስለሚጮህ፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ በሚበዛበት ተራራ ላይ ይህ አንዱ ጥቅሙ ብቻ ዋጋውን ያወጣል። ነገር ግን «36 ቻናል» የሚለው አያታላችሁ፤ እውነተኛው ቻናል 22 ነው፣ የቀሩት እነዚያኑ ከኮድ (የሌሎችን ወሬ እንዳትሰሙ ከሚያፍን ቁጥር) ጋር አጣምረው ሌላ ቁጥር የሰጧቸው ናቸው። በፖቶማክ ወንዝ ላይ ጀልባ የምትቀዝፉ ከሆነ የሞቶሮላ ቲ600ን እመክራለሁ፤ ውኃ አያስገባም፣ ቢወድቅም ይንሳፈፋል፣ ውኃ ሲነካውም መብራቱ ይበራል። ለእግር ጉዞ ብቻ ከሆነ ግን ወፍራም ስለሆነ ለኪስ ይከብዳል።

ሮኪ ቶኪ የተባለው የኮሎራዶ ኩባንያ ሬዲዮ ለተራራ ሰዎች ታስቦ የተሠራ ነው። ከቦርሳ ማንጠልጠያ ጋር በብረት ማያያዣ ይታሰራል፣ ጓንት ባጠለቀ እጅም ይሠራል፣ ባትሪውም ለቀናት ይቆያል። የአንዱ ዋጋ ግን ከመቶ ዶላር በላይ ስለሆነ በወር አንዴ ለሚወጣ ቡድን ብዙ ነው። ለሁለት ሰው ውድ ከመግዛት ለአራት ሰው መካከለኛ መግዛት ይሻላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ በሸናንዶዋ ያለውን የኦልድ ራግ ተራራ ስንወጣ ግማሾቻችን የአንድ ኩባንያ፣ ግማሾቻችን የሌላ ኩባንያ ሬዲዮ ይዘን ነበር። ሁላችንም ቻናል 5፣ ኮድ 12 ላይ አደረግን፤ ነገር ግን የአንዱ ኩባንያ ኮድ 12 ከሌላው ጋር አንድ አልነበረም። ከኋላ ያሉት እግሩ የዞረ ሰው ይዘው ሲጣሩ እኛ ከፊት ቋጥኝ እየቧጠጥን፣ ሬዲዮውም ዝም ብሎ፣ «ደህና ናቸው ማለት ነው» እያልን አንድ ሰዓት ሙሉ ሄድን። «የምስጢር ኮድ» የሚሉት ነገር ምስጢር አይጠብቅም፤ የእናንተን ጆሮ ከሌሎች ወሬ ይደፍናል እንጂ ሌላው ሰው እናንተን ከመስማት አይከለከልም። ስለዚህ ኮዱን ዜሮ አድርጉት፣ ሌላ ቡድን ቻናሉን ከያዘባችሁ ወደ ሌላ ተሸጋገሩ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ሳላችሁም እያንዳንዱ ሬዲዮ ተናግሮና ሰምቶ ይፈተን።

ለሃያ ሰው ሃያ ሬዲዮ አያስፈልግም። እኛ ከፊት የሚመራውን ፊታውራሪ፣ የመጨረሻውን ደጀን እንላቸዋለን፤ ለሁለቱ አንድ አንድ፣ መካከል ላይ ላለው አንድ፣ አንድ መጠባበቂያ፣ በድምሩ አራት ይበቃል። ከደጀኑ ኋላ ማንም አይቀርም፤ ፊታውራሪውም በየመታጠፊያው ቆሞ ደጀኑ መልስ ሳይሰጥ አይንቀሳቀስም። ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል የሚረዝም፣ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 35 ማይል የሆነ መንገድ ስለሆነ፣ በመኪና ተከታትላችሁ ስትሄዱም እነዚሁ አራቱ ያገለግሏችኋል፤ ማን የትኛው ማየት የሚያስደስት ቦታ ላይ እንደቆመ ለማወቅ ብቻ እንኳ ይጠቅማሉ። ስትናገሩ ቁልፉን ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ያህል ቆዩ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፣ «አትምጡ» ያላችሁት «ምጡ» ሆኖ ይሰማል።

ሌላ መልስ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ የምጨምረው ጂ ኤም አር ኤስ ስለሚባለው፣ ፈቃድ ስለሚጠይቀው ሌላ የሬዲዮ አገልግሎት ነው። ይህ እስከ 50 ዋት የሚፈቀድበት፣ በሪፒተር (ድምፅን ተቀብሎ መልሶ በሚያስተላልፍ ጣቢያ) አማካይነትም ከተራራ ወዲያ ማዶ የሚያደርስ አገልግሎት ሲሆን፣ ፈተና የለውም፤ 35 ዶላር ከፍሎ ለ10 ዓመት ፈቃድ ማግኘት ይቻላል። ዜግነት አይጠይቅም፤ ዕድሜ 18 መሙላትና የውጭ መንግሥት ተወካይ አለመሆን ግን ግድ ነው። ከኤፍ አር ኤስ ጋር ሃያ ሁለቱን ቻናሎች ስለሚጋራ፣ መሪያችሁ ሚድላንድ ጂ ኤክስ ቲ 1000 የተባለውን የጂ ኤም አር ኤስ ሬዲዮ ቢይዝ ከሌሎቻችሁ ጋር ይነጋገራል። ነገር ግን እሱ ከሩቅ ሲሰማ የእናንተ ደካማ ድምፅ ላይደርሰው ስለሚችል፣ ኃይለኛ ሬዲዮ ለአንድ ሰው ብቻ መግዛት ያን ያህል አይጠቅምም።

ለማኅበር የሚያስቸግረው ደግሞ ፈቃዱ የሚሸፍነው ማንን ነው የሚለው ነው። ባለቤትን፣ ልጅን፣ ወላጅን፣ ወንድምና እኅትን፣ አክስትና አጎትን፣ አማትን ሳይቀር ይሸፍናል፤ የዕድር አባልን ወይም የክርስትና ልጅን ግን አይሸፍንም። እኛ «ሁላችንም ቤተሰብ ነን» ብንልም ኮሚሽኑ እንደዚያ አይቆጥረንም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለእናንተ ኤፍ አር ኤስ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከጠያቂው

ስለ ምክራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ አንድ ጓደኛችን ባኦፌንግ ዩቪ 5 አር የሚባሉ ሁለት የእጅ ሬዲዮዎች አሉት፤ በእነሱ መጀመር እንችላለን? በክረምት ወደ አገር ቤት ስንሄድስ ሬዲዮዎቹን ለሰሜን ተራሮች ጉዞ ይዘናቸው ብንሄድ?

መልስ

ባኦፌንጉ ሞገዱን ቢደርስበትም ለኤፍ አር ኤስ የተመሰከረለት አይደለም፤ የኤፍ አር ኤስ ሬዲዮ አንቴናው የማይነቀል መሆን አለበት፣ የእሱ ግን ይነቀላል። ለማዳመጥ ተጠቀሙበት፣ አትናገሩበት።

ወደ ኢትዮጵያ መውሰዱን አልመክርም። እነዚህን ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚቻለው በአሜሪካ ደንብ ነው፣ ያ ደንብ ደግሞ በሌላ አገር አይሠራም፤ አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን እንኳ የሚጠቀሙት በ446 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን በግማሽ ዋት የተወሰነ ሌላ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ የሬዲዮ መገናኛ መሣሪያ ለማስገባትና ለመጠቀም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ፈቃዱ በጽሑፍ በእጃችሁ ሳይገባ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። በሰሜን ተራሮችም ከአስጎብኚና ከፓርክ ጠባቂ ጋር ስለምትጓዙ አያስፈልጋችሁም፤ እዚያ የምትሄዱ ከሆነ ሬዲዮዎቹን ቤት ስታስቀምጡ ድንጋዩን አውጡላቸው፣ አለዚያ ስትመለሱ አፍስሶ ታገኙታላችሁ።