ክርክር፦ ለእንስሳት ባህርይ ኮርስ የግቢ ምልከታ ይበቃል ወይስ ፓርክ የግድ ነው?

አወያይ፦ የመኪናና የአበል ወጪ ስለከበደ፣ የእንስሳት ባህርይ ኮርስ የፓርክ ጉዞ ቀርቶ ተማሪው ሴሚስተሩን ሙሉ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያሉትን እንስሳት ይከታተል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

ባሌ፦ አልስማማም። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፣ ክልሉንም በጋራ ይጠብቃል፤ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። ይህን እንቆቅልሽ የባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ባለው የሳነቲ አምባ ላይ ቆሞ ያየ ተማሪ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለያል። የግቢ ጦጣ የካፌ ትራፊ ለቃሚ ናት። ከእሷ የምንማረው የቆሻሻ ገንዳ ባህርይ ነው።

የናሙና መምህርት፦ ባሌ፣ ቀይ ቀበሮውን አልነካብህም። ግን አርባ ተማሪ በአንድ አውቶቡስ ለሁለት ቀን ሲሄድ ምን ይዞ ይመለሳል? ፎቶና "ተጣሉ፣ ተሳደዱ" የሚል ማስታወሻ። የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪዋ ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 ያስጠነቀቀችው ይህንኑ ነው፤ ያገኙትን እንደመጣ መጻፍ ጎላ ያለውን ድርጊት ያበዛል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠውን እንስሳ ይረሳል። ዘዴ የሚለመደው በመደጋገም ነው፤ መደጋገም የሚቻለው ደግሞ እንስሳው በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት ሲገኝ ነው።

ወንዶ ገነትን እንውሰድ፤ ጉሬዛው፣ ጦጣውና ዝንጀሮው ሁሉም በግቢውና በአጠገቡ ባለው ደን አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ዳታ አይሰበሰብባቸውም፤ የባህርይ ዝርዝር፣ ማለትም ኢቶግራም፣ ብቻ ይዘጋጅባቸዋል። ከ10 እስከ 15 ባህርይ ይበቃል፣ አንዱ ከሌላው መደራረብ የለበትም። ጭቅጭቁ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ ጉንጩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እየበላ ነው ወይስ እያረፈ? "መብላት ማለት እጅ ወይም አፍ ምግብ ሲነካ ነው፤ ማኘክ ብቻውን ለብቻው ይመዘገባል" ብሎ መጀመሪያ ያልወሰነ ቡድን ዳታው ዋጋ የለውም።

ከዚያ በየ10 ደቂቃው ስካን። የስልክ ደወል ይሞላል፣ ሲደወል ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱ እንስሳ ዓይን ባረፈበት ቅጽበት የሚያደርገው ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሚያደርገው አይጠበቅም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ደስ የሚል ነገር እስኪመጣ ስለሚጠብቅ ነው። ቅጠል ውስጥ የተሸሸገው "አይታይም" ተብሎ ይመዝገብ፣ አይዘለል። ካልሆነ ውጤቱ ሜዳ ላይ ወደሚታየው ያደላል።

አራተኛ ዓመት፦ መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጉሬዛ ላይ የተመደበ ቡድን ሉሁ ከላይ እስከ ታች "እረፍት" ነው የሚሆነው። ከዚህ ምን ይወጣል?

የናሙና መምህርት፦ ብዙ ይወጣል እንጂ! ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ሆዱ ውስጥ ባክቴሪያ ቅጠሉን እያብላላ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ከቀኑ ከግማሽ በላይ ማረፉ የሚጠበቅ ነው። አጠገቡ ካለችው ጦጣ ጋር ማነጻጸር ነው። የእንስሳት ባህርይ ተመራማሪው ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስቀመጣቸው አራት ጥያቄዎች፣ ማለትም ምን ቀሰቀሰው፣ በእድገት እንዴት መጣ፣ ለምን ጠቀመ፣ ከዘር ሐረግ ምን ወረሰ፣ "እረፍት" ለሚለውም ቃል ይሠራሉ።

ግን "እረፍት" ሲበዛ አንድ ወጥመድ አለ። ሁለት ተማሪዎች ጎን ለጎን ቆመው መዝግበው 80 በመቶ ተስማማን ብለው ይደሰታሉ። ሁለቱም 70 በመቶ "እረፍት"፣ 30 በመቶ "ሌላ" ከጻፉ በአጋጣሚ ብቻ የሚስማሙት 0.49 (0.7 በ0.7) ሲደመር 0.09 (0.3 በ0.3)፣ 0.58 ነው። ካፓ፣ ማለትም የአጋጣሚው ተቀንሶ የቀረውን ስምምነት የሚለካው ቁጥር፣ 0.22 (0.80 ሲቀነስ 0.58) ለ0.42 (1 ሲቀነስ 0.58) ሲካፈል 0.52 ገደማ ይሆናል። ይህ ወደ ኢቶግራሙ ተመልሰው ትርጓሜውን እንዲያጠብቁ የሚያስገድድ ቁጥር ነው። ፓርክ ውስጥ ለዚህ ጊዜ የለም።

ጅብ ተከታታይ፦ ባሌ "ቆሻሻ" ያልከው ራሱ ሳይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሰሜን ኢትዮጵያ የታተመ ጥናት በጅብ ኩስ ውስጥ ያለውን ፀጉር ለይቶ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋና ትራፊው ሲጠፋ ጅቡ አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብል አሳይቷል። የግቢ ካፌም የጾምና የፍስክ ምግቡ ይለያያል። ሉሁ ላይ "ጾም/ፍስክ" የሚል ዓምድ ጨምሩና ቁራውና ጭልፊቱ ካፌ ጓሮ ስንት እንደሚሰበሰቡ ቁጠሩ። ነገር ግን ጅቡን በሌሊት በእግር እንከታተል የሚል ካለ አይሆንም፤ ኩስና ዱካ ይበቃል።

የእንስሳት ሐኪም፦ ስለ ካፌ ካነሳችሁ አይቀር፣ ለፎቶ ብሎ ለጦጣ ዳቦ መወርወር ይከልከል። አንዴ ምግብ ያገኘችበትን እጅ ትለምዳለች፣ በኋላ ቦርሳ ትነጥቃለች፣ የእናንተም ዳታ የሚለካው ለዳቦው የሰጠችውን ምላሽ ይሆናል። ጦጣም ሆነ የግቢ ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም። "ትንሽ ናት" ማለት የለም።

ባሌ፦ ስለ ዘዴው እሺ። ተፈጥሯዊው ባህርይ ይህ ነው ብሎ ሪፖርት መጻፍን ግን አልቀበልም። ቢያንስ አንድ ቀን ይኸው ሉህ ይዘው ፓርክ ሄደው ያነጻጽሩ።

ስታት ረዳት፦ በምን? ግቢ አንድ መንጋ፣ ፓርክ አንድ መንጋ። 300 ስካን 300 ናሙና አይደለም፤ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ኸርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 ያወገዘው የሐሰት ድግግሞሽ ነው፤ አንዱን መንጋ ደጋግሞ ማየት እንደ ብዙ ናሙና ተቆጠረ ማለት ነው። ልዩነቱ የቦታው ይሁን የመንጋው ማንም አይለየውም።

ማነጻጸር ካማራችሁ ወፍ ውሰዱ፤ እርግብ ግቢ ውስጥም ከከተማ ውጭም አለች። የሚለካው ሰው ምን ያህል ሲቀርባት እንደምትበር ነው። ከሩቅ ተነስቶ በሰከንድ አንድ እርምጃ ቀጥ ብሎ ወደ አንዲት ወፍ መሄድ፤ የተነሱበትን፣ ቀና ብላ ያየችበትንና የበረረችበትን ቦታ ምልክት ማድረግ፤ በሜትር መለካት። ከሩቅ የተነሳ ሰው ወፏን ቀድሞ ስለሚያስነሳት የመነሻው ርቀት ይመዝገብ። ያችኑ ወፍ ሁለቴ እንዳትለኩ በአንድ መስመር ወደፊት ሂዱ እንጂ አትመለሱ። ለምልክት የያዛችሁትን ነገር ሳታጎነብሱ፣ ቆማችሁ ከኪስ ጣሉት፤ እኛ አገር ወፍም ውሻም ያጎነበሰ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ያኔ የለካችሁት ከአቀራረባችሁ መሸሿን ሳይሆን ከማጎንበሳችሁ መሸሿን ነው።